አዲስ ቢስክሌት በልክ ስለ ማድረግ

ባለፈው ጊዜ በዚህ ዓምድ ስለ ልጆች ጫማ ስንነጋገር፥ ለልጅ ጫማ ሲገዛ ጥቂት ሰፋ ያለውን መምረጥ እንደማይከፋ፥ ልጅ ያድጋልና ገንዘብ እንደሚተርፍ ጽፌ ነበር። ስለ ጫማው የጻፍሁትን ቃል አላነሣም። ዳሩ ግን ያንኑ ምክር ከጫማ ወደ ቢስክሌት አሻግሬ በመከተሌ በቤቴ የደረሰውን ነገር ዛሬ ለአንባብያን ልነግር ግድ ሆኖብኛል። ነገሩ የማፍርበት ነው፤ ነገር ግን የሰውን ጥፋት በየቀኑ በመዝገብ ሲጽፍ የሚውል ጸሐፊ አንድ ቀን የራሱን ቢጽፍ ምን ይጎዳዋል?

የምኖረው በደቡብ ወሎ፥ በቦረና ወረዳ፥ በመካነ ሰላም ከተማ ነው። ከደሴ ተነሥቶ የጉጉፍቱንና የለጋምቦን ብርድ አልፎ ወደ ደቡብ ምዕራብ የሚመጣ መንገደኛ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ያገኛታል። ከተማይቱ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,600 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የተቀመጠች ደጋ ናት፤ በምዕራብ በኩል ግን ምድሩ እየተቈረሰ ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል፥ ማዶውም ጎጃም ነው። ስለዚህ በእኛ አገር መንገድ ማለት ወይ መውጣት ወይ መውረድ ነው። ለጥ ያለ ሜዳ የሚገኘው በጥቂቱ ነው። አባቶቻችን በቅሎን ከፈረስ አስበልጠው ለጕዞ የመረጧት ያለ ምክንያት አልነበረም።

ልጄ 16 ዓመቱ ነው። ከሁለት ዓመት ጀምሮ ከአፉ የማይጠፋው ስም የጽጋቡ ግርማይ ነው። ይህ ከትግራይ የተነሣ ወጣት በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ቱር ደ ፍራንስ በሚባለው፥ በፈረንሳይ አገር ዙሪያ በሚደረገው ታላቅ የቢስክሌት እሽቅድምድም፥ ላምፕሬ ሜሪዳ በሚባለው ቡድን ውስጥ ተሰልፎ ከኢትዮጵያውያን መጀመሪያ የገባ ነው። የዚያ ዓመት መንገድ በ21 ቀን የተከፋፈለ፥ ከ3,500 ኪሎ ሜትርም የሚበልጥ ነበር። ልጄ ይህን ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል። እኔም በበኩሌ አገራችን በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ከተማ መጀመሪያ ወደ ኦሊምፒክ በገባች ጊዜ እነ ገረመው ደንቦባ፥ መስፍን ተስፋዬ፥ ፀሐይ ባሕታና ኃይሉ ፋና በቢስክሌት እንደ ተወዳደሩ ነገርሁት፤ ይህን ብነግረው የነበረበት እሳት ላይ ዘይት መጨመሬ መሆኑን አላወቅሁም። ከዚያ ቀን በኋላ ልመናው በረታብኝ።

ከአባቴ የወረስኋት አንዲት በቅሎ ነበረችኝ። እኔ ከተማ ስለ ሆንሁ በገጠር ከወንድሜ ዘንድ ትኖር ነበር። እንግዲህ በቅሎዋን ሸጥኋት፤ በዋጋዋም ላይ ከደመወዜ ያጠራቀምሁትን ጨምሬ ወደ አንድ ትልቅ ከተማ ሄድሁና ልጁ የሚመኘውን ዓይነት አዲስ ቢስክሌት ገዛሁ። መሪው እንደ በግ ቀንድ የተቈለመመ፥ ጎማው ቀጭን፥ በአንድ እጅ የሚነሣ ቀላል ነገር ነው። ነጋዴው የልጁን ቁመት በጠየቀኝ ጊዜ 170 ሳንቲሜትር ነው አልሁት። ሁለት ዓይነት አወጣልኝ፤ አንደኛው በብረቱ ላይ 54፥ ሁለተኛው 58 የሚል ቍጥር ተጽፎባቸዋል። ዋጋቸው አንድ ነው። እኔም፥ እንግዲህ ለአንድ ዋጋ ትልቁን ትቶ ትንሹን የሚወስድ ማን ነው ብዬ፥ ደግሞም ልጁ ያድግበታል ብዬ፥ 58 የተጻፈበትን አነሣሁ። ነጋዴውም አልተከራከረኝም። ያ ቍጥር የብረቱ ልክ መሆኑን ያወቅሁት ከሁለት ወር በኋላ ነው፤ እስከዚያ ድረስ የሠሪው የፋብሪካ ምልክት ይመስለኝ ነበር።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ልጁ ደስታው ወሰን አልነበረውም። ከትምህርት ቤት መልስ እየወጣ ፀሐይ እስኪጠልቅ ድረስ ይነዳ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ግን ነገሩ ተለወጠ። አንድ ቀን ነፋስ ነው ይላል፤ አንድ ቀን ጥናት አለብኝ ይላል፤ አንድ ቀን ደግሞ ምንም ሳይል ቢስክሌቱን ከግድግዳው አስደግፎ ይገባል። ስድስተኛው ሳምንት ሲሆን በላዩ ላይ አቧራ አየሁ። ያን ጊዜ ተቈጣሁ። ራት ቀርቦ ቤተ ሰቡ ሁሉ በተሰበሰበበት፥ አንተ ስም እየጠራህ የምትመኝ ድካም የማትወድ ሰነፍ ነህ፤ የአያትህን በቅሎ ያሸጥኸኝ በከንቱ ነው፤ ይህንንም ብረት በሚቀጥለው ገበያ እሸጠዋለሁ አልሁት። ልጁ ራሱን አቀረቀረ፥ አንዲትም ቃል አልመለሰልኝም። እኔም ዝምታውን እንደ እምነት ቃል ቈጠርሁበት።

በዚያ ሌሊት ባለቤቴ ሰዎች ከተኙ በኋላ በጓዳ ብርሃን አይታ ብትገባ፥ ልጁ በሳፋ የሞቀ ውሃ አቅርቦ ጕልበቱን ከኋላው በኩል ሲያሽ አገኘችው። የሁለት እጆቹም ትንንሽ ጣቶች ደንዝዘው ብዕር መያዝ አስቸግረውት ነበር። ስለ ምን አልተናገርህም ብትለው፥ አባዬ በቅሎዋን ሸጠው የገዙልኝን ነገር አመመኝ ብዬ እንዴት እናገራለሁ? ብሎ መለሰላት።

አንባቢ ሆይ፥ እኔ እንጀራዬ ክስና መልስ መጻፍ ነው። ከሳሽና ተከሳሽ ሳይሰሙ፥ ምስክር ሳይቈጠር ፍርድ የተጻፈበትን መዝገብ ከየትኛውም ሥፍራ ባገኘው እስቅበታለሁ። እንግዲህ ያን ሌሊት እንዴት እንዳደርሁ መናገር አያስፈልግም።

በነጋው ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድሁት። የመረመረው ሰው አጥንቱ ደኅና ነው፤ ከጕልበቱ በስተኋላ ያለው ጅማት ከመወጠሩ የተነሣ ተቈጥቷል፤ ሁለት ሳምንት ይረፍ አለ። ከዚያም በኋላ እኔ ያላሰብሁትን ጥያቄ ጠየቀኝ፤ ለመሆኑ መቀመጫውን ማን ለካለት? አለኝ።

ወደ ቤት ስንመለስ የአባቴ ኮርቻ በግድግዳው እንደ ተሰቀለ ዓይኔ ከእርሱ ላይ ወደቀ። በቅሎዋ ብትሸጥም ኮርቻውን አልሸጥሁትም ነበርና። አባቴ ለእንግዳ በቅሎ ሲያበድር ሰውየው ሳይወጣ አስቀድሞ የእርካቡን ጠፍር በክንዱ ያስለካው ነበር፤ የእጁን ጣት ጫፍ ከኮርቻው አስነክቶ እርካቡ በብብቱ ሥር የደረሰ እንደ ሆነ ልኩ ነው ይል ነበር። የኮርቻውም ልክ ባለጌ ሆኖ ጀርባዋን የላጠው እንደ ሆነ በቅሎዋ ገጣባ ትሆናለች፥ ገጣባም በቅሎ ስትጫን ብትራገጥ ማንም ሰነፍ ናት አይላትም፤ ኮርቻውን አንሥተው ጀርባዋን ያያሉ። ለበቅሎ የማደርገውን ለልጄ አላደረግሁም።

እንግዲህ የሆነውን ሁሉ ትቼ፥ ያን ሁለት ሳምንት መጽሐፍ በማገላበጥና ሰው በመጠየቅ ያገኘሁትን ልንገራችሁ። ቢስክሌት የሚነዳ ልጅ ያላችሁ፥ ይልቁንም ራሳችሁ ከጽሕፈት ጠረጴዛ ተነሥታችሁ ለጤናችሁ ልትነዱ የምታስቡ ሁሉ ይጠቅማችኋል።

አስቀድሞ አንድ የታሪክ ነገር አለ። ከ140 ዓመት በፊት በአውሮፓ ይነዳ የነበረው ቢስክሌት የፊቱ እግር እጅግ ትልቅ፥ የኋላው እግር ትንሽ ሆኖ፥ ፔዳሉም በቀጥታ በትልቁ እግር መካከል የተተከለ ነበር። ስለዚህ ገዢው ሲመጣ ሻጩ አስቀድሞ የእግሩን ርዝመት ይለካ ነበር፤ እግሩ ከማይደርስበት እግረ ብረት ላይ ሊወጣ አይችልምና። በፈረንጅ ቍጥር በ1885 ጆን ኬምፕ ስታርሊ የተባለ እንግሊዛዊ በኮቨንትሪ ከተማ ሁለቱ እግሮች የተካከሉ፥ በሰንሰለት የሚዞር ቢስክሌት አወጣ፤ የዛሬው ሁሉ የዚያ ልጅ ነው። በዚያ ጊዜ ሁሉም ሰው በሁሉም ላይ መውጣት ቻለ። መውጣት መቻል ግን ልክ መሆን አይደለም፤ እኔም የሳትሁት በዚህ ነው። የቀድሞው ነጋዴ ግድ ሆኖበት ይለካው የነበረውን የዛሬው ነጋዴ ሳይለካ ቢሸጥ የሚያስቸግረው የለም፥ ችግሩ የሚታየው በገዢው ጕልበት ነውና።

የመጀመሪያው ልክ የመቀመጫው ከፍታ ነው፤ ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው። አለካኩም እንዲህ ነው። ነጂው ጫማውን አውልቆ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ ይቆማል፤ እግሮቹን አንድ ጫማ ያህል ከፈት ያደርጋል። ጠንካራ መዝገብ በእግሮቹ መካከል አስገብቶ በኮርቻ ላይ እንደሚቀመጥ ያህል ወደ ላይ ይጫናል፤ የመዝገቡም ጠርዝ ከግድግዳው ጋራ ቀጥ ብሎ ይያዝ። ከዚያ ጠርዝ እስከ ወለሉ ያለው የውስጥ እግር ርዝመት ነው። እኔ ያልተጻፈበት ያረጀ የችሎት መዝገብ ነበረኝና በዚያ ለካሁት፤ የልጄ 80 ሳንቲሜትር ሆነ። ባለቤቴ ያ መዝገብ ከተሠራበት ቀን ጀምሮ ቁም ነገር የዋለው ዛሬ ነው ብላ ሣቀች።

ከዚህ በኋላ ሒሳብ ነው። በፈረንጅ ቍጥር በ1967 ሃምሌይና ቶማስ የተባሉ እንግሊዛውያን መርማሪዎች፥ ፔዳሉ ወደ ታች በወረደ ጊዜ ከፔዳሉ እስከ መቀመጫው አናት ያለው ርቀት የውስጥ እግሩን ርዝመት 109 ከመቶ ቢሆን ጕልበት በትንሹ ድካም ብዙ እንደሚሠራ ጽፈዋል። ከእነርሱ በኋላ ደግሞ አሜሪካዊው እሽቅድምድመኛ ግሬግ ሌመንድ የታወቀ አድርጎት የቀረ ሌላ ስሌት አለ፤ የውስጥ እግሩን ርዝመት በ0.883 ማባዛት ነው፤ የሚገኘውም ፔዳሎቹ ከሚዞሩበት ከመካከለኛው ዘንግ እስከ መቀመጫው አናት ያለው ርቀት ነው። በልጄ እግር ብናየው፥ በሁለተኛው ስሌት 70.6 ሳንቲሜትር ይሆናል። በመጀመሪያው 87.2 ይሆናል፤ ከዚህ ላይ የፔዳሉን ክንድ 17 ሳንቲሜትር ስንቀንስ 70.2 ይቀራል። እንግዲህ ሁለት አገር የተወለዱ ሁለት ስሌቶች ከግማሽ ሳንቲሜትር ባነሰ ተገናኙ። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ ሒሳብ ያስተማሩኝ መምህር ሁለት መንገድ ወደ አንድ መልስ ሲያደርስ ደስ ይላቸው ነበር፤ ትዝ አሉኝ።

የልጄ መቀመጫ ስንት ላይ እንደ ነበረ ብለካው 74 ሆነ! ነጋዴው እሽቅድምድመኞች ከፍ ብለው ይቀመጣሉ ብሎ ነበር የሰቀለው። ሦስት ሳንቲሜትር ተኩል ያህል ትርፍ ማለት ለዓይን ትንሽ ነው። ነገር ግን ልጁ ፔዳሉን ለማድረስ በእያንዳንዱ ዙር አንድ ጊዜ ወደ ቀኝ አንድ ጊዜ ወደ ግራ ይሸራተት ነበር፤ አንድ ሰው በደቂቃ 80 ጊዜ ቢያዞር በአንድ ሰዓት 4,800 ዙር ነው፥ ይህን ያህል ጊዜ የተወጠረ ጅማት ቢቈጣ ምን ያስደንቃል? ምልክቱንም ልብ በሉ። መቀመጫው ከልክ በላይ ከፍ ያለ እንደ ሆነ ሕመሙ ከጕልበት በስተኋላ ይሆናል፥ ዳሌም ይወዛወዛል፥ መቀመጫ አካልም ይላጣል። ዝቅ ያለ እንደ ሆነ ግን ሕመሙ ከጕልበት በስተፊት ይሆናል። በልኩ የሆነ እንደ ሆነ ፔዳሉ ከታች ሲደርስ ጕልበት ጨርሶ አይዘረጋም፤ ከ25 እስከ 35 ማዕዘን ያህል ታጥፎ ይቀራል። ስሌት የማይወድ ሰው ደግሞ ተረከዙን በፔዳሉ ላይ አድርጎ ቢያዞር፥ ከታች ሲደርስ እግሩ ቀጥ ካለ፥ ዳሌውም ካልተነቃነቀ፥ ከልኩ ብዙ አልራቀም።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። የመቀመጫው ምሰሶ በላዩ ላይ የተቀረጸ መስመር አለው፤ ከዚያ መስመር በላይ ተመዞ ከወጣ ሊሰበር ወይም ብረቱን ሊሰነጥቅ ይችላል። ልጅ ያድጋል ብላችሁ ትንሽ ቢስክሌት የገዛችሁ ይህን አትርሱ።

መቀመጫውም ለጥ ያለ ይሁን፤ አፍንጫው ወደ ላይ ከቀና የሚጎዳው ሥፍራ ይታወቃል፥ ወደ ታች ካዘቀዘቀ ደግሞ ሰውነት ሁሉ ወደ እጅ ይንሸራተታል። ወደ ፊትና ወደ ኋላም ይገፋል። ለዚህ ግንበኞች የሚጠቀሙበት ቱንቢ ይበቃል። ነጂው በመቀመጫው ላይ ሆኖ ሁለቱን ፔዳሎች ከምድር ጋራ ያስተካክላቸዋል፤ ከፊተኛው ጕልበት ሎሚ ሥር ቱንቢው ሲለቀቅ በፔዳሉ ዘንግ ላይ ቢወርድ መልካም መነሻ ነው። መነሻ ነው ያልሁት፥ ይህ ልማድ እንጂ የተፈጥሮ ሕግ አይደለም ብለው የሚከራከሩ ዐዋቂዎች ስላሉ ነው። እግርም በፔዳሉ ላይ የሚያርፈው ከጣቶች ሥር ባለው ሰፊ ሥጋ ነው። የቀድሞ ፈረሰኞቻችን በባዶ እግራቸው ሆነው አውራ ጣታቸውን በእርካቡ ቀለበት አስገብተው ይቀመጡ እንደ ነበር የታወቀ ነው፤ ልጄም ይህን ሰምቶ ኖሮ በጫማው ጫፍ ይረግጥ ነበር። ያም ተረከዙን አንጠልጥሎ ጅማቱን ይጐትተዋልና አስተውኩት።

መቀመጫውን ማውረድ የአንድ ብሎን ሥራ ነው። ትልቁ ችግር ያለው በመሪው ነው፤ የእኔም ጥፋት የተገለጠው በዚሁ ነው።

በከተማችን አንድ ወጣት ጎሚስታ አለ። የባጃጅ ጎማ ነው የሚጠግን፥ ነገር ግን ቢስክሌትም ያውቃል። ቢስክሌቱን ገና ሲያየው፥ ጋሼ፥ ይህ የማን ነው? አለኝ። የልጄ ነው አልሁት። ልጁን በላይኛው ብረት ላይ በሁለት እግሩ ቁም አለውና ቆመ፤ ብረቱ ሥጋውን ነካው። ጎሚስታውም፥ ጋሼ፥ ይህ የልጅዎ ሳይሆን የልጅዎ ታላቅ ወንድም ነው አለኝ። ብንለካው ብረቱ ከምድር 82 ሳንቲሜትር ነው፥ የልጁ እግር 80። ከዚያ ወዲያ 58 ማለት ምን እንደ ሆነ አስረዳኝ። ሠሪዎች ሁሉ በአንድ ዓይነት አይለኩም፤ ቢሆንም 170 ሳንቲሜትር ቁመት ላለው ሰው ብዙውን ጊዜ የሚሆነው ከ52 እስከ 54 ነው፤ 58 የሚስማማው 183 ሳንቲሜትርና ከዚያ በላይ ለሆነ ሰው ነው።

ብረቱ በከፍታ ብቻ ሳይሆን በርዝመትም ይበልጣል። ስለዚህ ልጁ መሪውን ለመያዝ ክንዱን ጨርሶ ዘርግቶ፥ ትከሻውን ወደ ጆሮው አንሥቶ፥ አንገቱን ቀና ለማድረግ ይታገል ነበር። ክንድ በተዘረጋ ጊዜ የመንገዱ እንቅጥቅጥ ሁሉ ሳይበርድ ከመዳፍ ይደርሳል። በመዳፍ ውስጥ ወደ ትንሿ ጣትና ወደ ቀለበት ጣት የሚሄድ ነርቭ አለ፤ ያ ሲጨቈን ጣቶቹ ይደነዝዛሉ። ብዕር መያዝ ያስቸገረው ይህ ነበር። ደንዝዞ የሚቀጥል ሰው ፍሬኑንም በደንብ መያዝ አይችልም፤ በእኛ ቍልቍለት ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። በልኩ የተቀመጠ ሰው ክርኑ ጥቂት ታጥፎ፥ ትከሻው ወርዶ፥ በመሪው ላይ ጣቶቹን እንደ በገና ተጫዋች ማንቀሳቀስ ይችላል።

መድኃኒቱ ሦስት ነው። መጀመሪያ፥ መሪውን ከአንገቱ ጋራ የሚያያይዘውን አጭር ብረት በሚያጥር መለወጥ ነው፤ የልጄ 11 ሳንቲሜትር ነበር፥ በ8 ይለወጣል። ከዚህ ይልቅ ካጠረ ግን መሪው ይቅለበለባል፥ በቍልቍለትም አያስተማምንም። ሁለተኛው፥ ከዚያ ብረት ሥር የሚገቡትን ቀለበቶች ጨምሮ መሪውን ጥቂት ከፍ ማድረግ ነው፤ ዕድሜው ከ40 ያለፈ፥ ሆዱም እንደ እኔ ከጠረጴዛ ጋራ የተላመደ ሰው ከእሽቅድምድመኛ ጋራ ሳይፎካከር ይህን ያድርግ። ሦስተኛው ቢስክሌቱን መለወጥ ነው። ይህን ሦስተኛውን ሞከርሁት፤ የሸጠልኝ ሰው የተነዳ አልመልስም አለ። እውነቱን ነው፥ እኔም በእርሱ ቦታ ብሆን አልቀበልም ነበር።

መቀመጫውን ወደ ፊት ገፍቶ ርቀቱን ማሳጠር እንደሚቻል የሚመክሩ አሉ። አትስሟቸው። መቀመጫ ለእግር ይስተካከላል፥ መሪ ለእጅ። አንዱን ለማዳን ሌላውን ማበላሸት ይሆናል።

ጎሚስታው ብሩጎላ የሚባለውን ባለ ስድስት ማዕዘን መፍቻ አውጥቶ መቀመጫውን ሲያወርድ በአንድ ጊዜ ሦስት ሳንቲሜትር ተኩሉን አላወረደም። ግማሽ ሳንቲሜትር እያወረደ፥ ቦታውን በቀለም እየመለከተ፥ ልጁን ጥቂት እያስነዳ ነበር። አካል ክፉውን ልክ ከለመደ መልካሙም ይከብደዋል አለ። ብሎኑንም ሲያጠብቅ በልክ ነው፤ ቀላል ብረት ከልክ በላይ ሲጠብቅ ይሰነጠቃልና፥ ጕልበተኛ ሰው ለዚህ ሥራ አይመረጥም። የጎማውንም አየር ቀነሰለት። በጎማው ጐን የተጻፈው ከፍተኛው ቍጥር የሚፈቀደው ወሰን እንጂ የሚታዘዘው መጠን አይደለም፤ ቀላል ልጅ በጠጠር መንገድ ያን ያህል ቢነፋ ድንጋይ ላይ እንደ ተቀመጠ ነው። ብረቱ የሚያስገባ ከሆነ ደግሞ ስፋቱ 28 ወይም 32 ሚሊሜትር የሆነ ጎማ ለእንደኛ ያለ አገር ይሻላል።

ከንባቤ ልጄን ያስገረመውን አንድ ነገር ልጨምር። ቱር ደ ፍራንስን አምስት ጊዜ ያሸነፈው ቤልጅጋዊው ኤዲ መርክስ በፈረንጅ ቍጥር በ1969 በፈረንሳይ አገር በብሏ ከተማ ክፉኛ ወድቆ ጀርባውና ዳሌው ተጎዳ። ከዚያ ወዲህ የመቀመጫው ከፍታ አንድ ቀን እንኳ ሙሉ ደስ አላሰኘውም፤ በእሽቅድምድም መካከል ሳይቀር መፍቻ ከኪሱ እያወጣ ያወርደውና ያወጣው ነበር። ልጄ ይህን ሲሰማ፥ እንዲህ ያለ ሰው ያመዋል? ብሎ ጠየቀኝ። ጽጋቡ በገባበት በ2008ቱ ቱር ያሸነፈው ክሪስ ፍሩምም በመቀመጫው ላይ የቈየው 89 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ነው፤ ያን ያህል ሰዓት የሚቀመጥ ሰው ስለ አንድ ሳንቲሜትር ቢጨነቅ ተቀማጥሏል አይባልም። አመመኝ ማለት ከስንፍና እንዳልሆነ ለልጄ ያስረዳሁት እንዲህ እያልሁ ነው፤ ከእኔ ቃል ይልቅ የመርክስ መፍቻ ሳያሳምነው አልቀረም።

ይቅርታም ጠይቄዋለሁ። የተቈጣሁት በማዕድ ዙሪያ ሁሉ በተሰበሰበበት ስለ ነበረ ይቅርታውንም በዚያው በማዕድ ዙሪያ ተናገርሁ። ታናሽ እኅቱ አባት ልጁን ይቅርታ ሲለምን አይታ ስለማታውቅ እንጀራ በእጇ እንደ ያዘች ቀረች። እርሱም መልስ አጥቶ፥ አባዬ፥ ግድ የለም፥ ይብሉ እንጂ አለኝ።

ለመግዛት ያሰባችሁ እንግዲህ ገንዘብ ከመቍጠራችሁ በፊት ባለ ቢስክሌቱን ይዛችሁ ሂዱ፤ ቁመቱን ብቻ ሳይሆን የውስጥ እግሩንም ለክታችሁ በወረቀት ያዙ፤ በላይኛው ብረት ላይ አቁሙት፥ በሥጋውና በብረቱ መካከል ሁለት ሦስት ጣት የማያስገባ ከሆነ ተዉት። ያድግበታል ያላችሁ እንደ ሆነ፥ ልጁ እስኪያድግ የሚያመው ጕልበት የእናንተ አይደለም።

ሁለቱ ሳምንት አልፎ ልጄ ባለፈው ቅዳሜ ማለዳ ወጣ። እስከ ከተማው ጠርዝ ብቻ እንዲሄድ ነበር የተስማማነው። ከአንድ ሰዓት በኋላ ተመልሶ ሲመጣ በር ላይ ቆሜ ዳሌውን ተመለከትሁ፤ አልተወዛወዘም። ጕልበትህስ አልሁት። ጕልበቴ ደኅና ነው፥ እጄ ግን አሁንም ጥቂት ይደነዝዛል አለኝ። በፊት ቢሆን ይህን የመጨረሻውን ቃል አይነግረኝም ነበር። 8 ሳንቲሜትሩን ብረት ከአዲስ አበባ የሚያመጣልኝ ሰው በሚመጣው ሳምንት ይደርሳል፤ ልጁም፥ አባዬ፥ ያን ቀን ቱንቢውን እርስዎ ይያዙልኝ ብሎኛል።